አግዳሚው የነበረበት ቦታ

ነገሩ የጀመረው አንድ ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱን የማልረሳው እማማ ለምሳ ከቤት የሚወጡት ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት ስለሆነ ነው። በሰፈሩ አዳራሽ ለአረጋውያን የሚዘጋጀው ምሳ የሚቀርበው ስድስት ሰዓት ላይ ቢሆንም፣ እሳቸው መንገድ ላይ ለማረፍም፣ የመንገደኛውን ልብስ ለመተቸትም ጊዜ ያስፈልጋቸዋል።

እማማ የምላቸው ሴትዮ ኢትዮጵያዊት አይደሉም። ሃንጋሪ ተወልደው በወጣትነታቸው አሜሪካ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ለፊልም ተዋናዮች ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ ሰማንያ ስምንት ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው። እኔ በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ የምረዳቸው ኬርጊቨር ነኝ። የመጀመሪያው ቀን በስማቸው ልጠራቸው ሞክሬ አፌ እምቢ አለኝ። በአያቴ ዕድሜ ያለን ሰው በስሙ መጥራት አልሆነልኝም። ሳላስበው "እማማ" አልኳቸው። ትርጉሙን ጠየቁኝና ነገርኳቸው።

"ለልጄም አስተምሪልኝ" አሉ። "እሱ እንኳ በስሜ ነው የሚጠራኝ።"

ከዚያ ቀን በኋላ እማማ ሆነው ቀሩ።

ከቤታቸው እስከ ምሳው አዳራሽ ያለው መንገድ በፌርፋክስ ጎዳና በኩል፣ የእኛ የሐበሾች ምግብ ቤቶችና ሱቆች ባሉበት ጎን ያልፋል። አብሬያቸው ስሄድ እርምጃ እቆጥር ነበር። አገር ቤት የተመረቅኩት በስታትስቲክስ ነው። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ወዲህ የምቆጥረው ነገር ብዙም ስለሌለኝ የእማማን እርምጃ እቆጥራለሁ። ስድስት መቶ አርባ ነው። ሦስት መቶ ሰባኛው ላይ የአውቶቡስ ፌርማታ አለ፤ ፌርማታው ላይ አረንጓዴ አግዳሚ ወንበር ነበረ። እማማ እዚያ ሲደርሱ ወደ ኋላቸው ሳያዩ ይዞሩና አንድ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደው ይቀመጣሉ። ዐይናቸውን ጨፍነውም ያገኙታል።

በዚያ ማክሰኞም እንደ ልማዳቸው ዞሩ፣ እጃቸውንም ሰደዱ። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ቁጥሬ ላይ ነበርኩ። እጃቸው አየር ሲይዝ ነው ያየሁት። ወገባቸውን በሁለት እጄ አቅፌ ያዝኳቸውና እንደ ምንም ቆሙ። እግራችን ሥር፣ አዲስ በተለሰነው የእግረኛ መንገድ ላይ፣ አራት የተቆረጡ ብሎኖች ነበሩ።

"ሰረቁት?" አሉ እማማ።

የመለሱት ከፌርማታው ጀርባ ያለውን ሱቅ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙት ጋሼ ናቸው። ጋሼ ሆሊውድ ውስጥ ባለ ሆቴል የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ያንን አግዳሚ ከእማማ ጋር ለዓመታት የተጋሩ ሰው ናቸው። በስተግራ ያለው ጫፍ የእማማ፣ በስተቀኝ ያለው የእሳቸው ነበር። ሁለቱም እንግሊዝኛቸው በየራሳቸው መንገድ ስለሚሄድ ብዙ አይግባቡም። ቢሆንም አንዳቸው ከቀሩ ሌላኛቸው ይጠይቃሉ።

"ትላንት ነው የነቀሉት" አሉኝ ጋሼ በአማርኛ። "ሳይድዎኩን ፊክስ እናደርጋለን ብለው መጡ። ሶ፣ ሳይድዎኩን ፊክስ አደረጉና አግዳሚውን ይዘው ሄዱ።"

"መቼ ይመልሱታል?"

"እኔ ፓርኪንግ ነበር ሥራዬ፤ አግዳሚ አይደለም።"

እማማ የቀረውን መንገድ አራት ጊዜ እየቆሙ ጨረሱት። አዳራሹ ስንደርስ ሾርባው አልቆ ነበር።

አንድ ሳምንት ጠበቅን፤ ሁለት ሳምንት ጠበቅን። እኔ በማልመጣባቸው ቀናት እማማ ብቻቸውን ወጥተው ከመንገድ መመለስ ጀመሩ። ቆይተውም መውጣቱን ተዉት። ለሳቸው ምሳው ምግቡ ብቻ አይደለም። ሃንጋርኛ የሚናገሩት እዚያ ነው፣ ካርታ የሚጫወቱት እዚያ ነው፣ የሚጣሉትም እዚያ ነው። ሌላ ስቴት የሚኖረው ልጃቸው ይህን ሲሰማ ደወለ። ብቻዋን ምሳ ድረስ መሄድ ያቃታት ሰው ብቻዋን መኖር የለባትም አለ። እሱ ባለበት ከተማ ደህና የአረጋውያን መኖሪያ አግኝቻለሁ፣ የወሩ መጨረሻ ላይ መጥቼ እወስዳታለሁ አለ። ክፉ ልጅ አይደለም። በየእሑዱ ይደውላል።

"ኩሬ አለው አለኝ" አሉኝ እማማ ስልኩን ዘግተው። "ዳክዬዎች ያሉበት ኩሬ። እኔ ከዳክዬ ጋር ምን ላወራ ነው?"

ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። በዚያ ቤት አርባ ዓመት ኖረዋል። የስፌት መኪናቸው መስኮቱ ሥር ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የሚሰበሰብ ማኅበር አለ። አባላቱ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ሁሉም አውሮፓ የተወለዱ፣ ሁሉም ከሰባ አምስት በላይ። መጀመሪያ የተሰባሰቡት በወጣትነታቸው ሠርተው ከወጡባቸው አገሮች በሚመጣላቸው የጡረታ ወረቀት ምክንያት ነው። በየዓመቱ በሕይወት መኖራችሁን አስመስክሩ የሚል ቅጽ ይመጣላቸዋል። አንዳንዱ ቅጽ በስልክ ብቻ የሚሞላ ሲሆንባቸው፣ ለእኛ በወረቀት ይሁንልን እያሉ በየአገራቸው ላሉ የምክር ቤት ሰዎች ይጽፋሉ። ደብዳቤውን በኮምፒውተር የምጽፍላቸው እኔ ነኝ። ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ፣ እነሱ ይከራከራሉ፣ የተስማሙበትን እጽፋለሁ። ከሳምንቱ ቀናት ሐሙስን እወድ ነበር። ማንም እኔን ሳያየኝ ሥራዬ ይታያል።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ፖላንድ የተወለዱ ሰዓት ሠሪ ናቸው። የአግዳሚውን ነገር ሲሰሙ የጡረታውን አጀንዳ ወደ ጎን አስቀመጡት። "አውሮፓ ላለው ሽማግሌ ከዚህ እንጮሃለን፤ ደጃችን ላለው ዝም እንላለን?" አሉና ለሰፈሩ ምክር ቤት የሚነበብ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ ይዤ መጣሁ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የመጀመሪያውን መስመር አነበቡና እስክሪብቶ አወጡ።

"'በታላቅ ትሕትና እንለምናለን።' ማነው የሚለምነው?"

"እኛ አገር ማመልከቻ እንዲህ ነው የሚጻፈው" አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

"እኛ ሠርተናል። ግብር ከፍለናል። አርጅተናል። ከሦስቱ የትኛው ነው የሚያስለምነን?"

"ልጅቷን ተዋት" አሉ እማማ። "ጨዋ ናት።"

"ጨዋ ትሁን። ትሕትናውን ታውጣና ጥያቄውን ትተወው።"

ትሕትናውን አወጣሁ። ሰዓት ሠሪው ግን ስለ ከተማ አስተዳደር፣ ስለ ዜጋ መብት፣ ስለ ጥንቷ ሮም አግዳሚዎች ሳይቀር እየጨመሩበት ጽሑፉ ሁለት ገጽ ሆነ። ማን ያነበዋል የሚል ጥያቄ ተነሣ። ወረፋ ቆሞ መጠበቅ ለአንዳቸውም አይሆንም።

"እሷ ታነበዋለች" አሉ እማማ፣ ወደ እኔ እየጠቆሙ።

እንቢ ማለትም መናገር ይፈልጋል። ዝምታዬ እሺታ ሆኖ ቃለ ጉባኤው ላይ ተጻፈ፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

ቫን ናይስ በሚባለው ሰፈር፣ በምኖርበት በአክስቴ ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ለሦስት ቀን ተለማመድኩ። አክስቴ በሩን አንኳኩታ "ለመስታወቱ አሳምረሽ ተናገርሽ፤ ለሰውስ?" አለችኝ።

ስብሰባው ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። ደንቡ ቀላል ነው። መናገር የሚፈልግ በግድግዳው በኩል ይሰለፋል። ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ፣ ለሁሉም በድምሩ ሃያ ደቂቃ። ከሁሉም ቀድሜ ደርሼ ከሰልፉ ፊት ቆምኩ። እማማና ሰዓት ሠሪው ከፊት መቀመጫ ያዙ። እማማ ራሳቸው የሰፉትን ሰማያዊ ኮት ለብሰው ነበር።

ከኋላዬ በመጀመሪያ የመጡት ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ዞር ስል አየኋቸው፤ ወደ ጎን ፈቀቅ ብዬ "ይለፉ" አልኳቸው። አልጠየቁኝም። እግሬ በራሱ ነው ያደረገው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሽማግሌ ሲገባ ተነስቼ፣ ሽማግሌ ከኋላዬ ሲቆም ቀርቼ ነው ያደግኩት። አመሰገኑኝና አለፉ። ከሳቸው ቀጥለው ሽበታም ሴትዮ መጡ፣ አሳለፍኳቸው። ከዚያ ባልና ሚስት። ከዚያ ጉልበታቸውን ያሰሩ ሰውዬ። እያንዳንዳቸው ፈገግ ብለው ያልፋሉ፤ እኔም በእያንዳንዳቸው አንድ እርምጃ ወደ በሩ እቀርባለሁ። እውነቱን ለመጻፍ፣ አክብሮት ብቻ አልነበረም። ወደ ኋላ በቀረሁ ቁጥር ልቤ ረጋ ይልልኝ ነበር።

ንግግሩ ተጀመረ። ባለ ከዘራው ሽማግሌ የተናገሩት ባለቤቶቻቸው ስለማያስሯቸው ውሾች ነው። ሽበታሟ ሴትዮ ቅጠል ስለሚያባርረው ማሽን ጩኸት ተናገሩ። ባልና ሚስቱ ስለ ውሾቹ ከሽማግሌው ጋር እንደማይስማሙ ተናገሩ፤ ሁለቱም የየራሳቸውን አንድ ደቂቃ ወሰዱ።

ሰልፉ አልቆ ተራዬ ሲደርስ ጋሼ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ላብ በላብ ሆነው ገቡ። ሰላሳ ዓመት የሰው መኪና ፓርክ ያደረጉ ሰው ፓርኪንግ አጥተው ነው የዘገዩት። ከኋላዬ ቆሙ።

"ጋሼ፣ ይቅደሙ።"

"ኧረ አንቺ ቅደሚ፣ ወረቀቱ ያለው አንቺ ጋ ነው።"

"በጭራሽ አይሆንም፣ ይቅደሙ እንጂ።"

"ሊስን፣ ተራሽ ነው እኮ።"

"እርስዎ ቆመው እኔ? ኧረ በእግዚአብሔር።"

ሰዎች ዞረው ያዩን ጀመር። እኔ የክንዳቸውን ልብስ ይዤ ወደፊት ስገፋ፣ እሳቸው ትከሻዬን ይዘው ወደፊት ሲገፉ፣ የምግብ ቤት ሒሳብ ላይ የተጣላን እንመስል ነበር። በመጨረሻ እኔ አሸነፍኩ። ጋሼ አለፉ።

ወዲያው የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ሰዓቷን አየች። "ጊዜያችን አልቋል" አለች። "ማይክሮፎኑ ጋ ያሉትን አንድ ሰው ብቻ እንሰማለን።"

ማይክሮፎኑ ጋ ያሉት ጋሼ ናቸው። ሁለቱ ገጾች በእጄ ውስጥ ረጥበዋል። እማማ መቀመጫቸው ላይ ዞረው እያዩኝ ነበር። በዐይናቸው ቁጣ አልነበረም። የለመዱት ቦታ እጃቸውን ሰደው አየር የያዙ ዕለት የነበረው ፊት ነው።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ ከዚያ ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አሉ። በእንግሊዝኛ ነው የተናገሩት፤ እንደማስታውሰው እጽፈዋለሁ።

"እኔ የመጣሁት ስለ አግዳሚው ነው። ብዙ የምለው ነበረኝ። ግን ይቺ ልጅ ከሁላችንም በፊት መጥታ ሁላችንንም አሳለፈችን። የውሻውን ጉዳይ አሳለፈች። የማሽኑን ጉዳይ አሳለፈች። እኔንም አሁን ታግላ አሳለፈችኝ። እኛ ዘንድ ልጆች ሽማግሌ ሲያዩ ቦታ ይለቃሉ። ይህ ከተማ ደግሞ ከሽማግሌዎች ላይ ቦታ ወሰደ። የቀረችኝን ጊዜ እሷ ትናገርባት።"

ከማይክሮፎኑ ራቅ ብለው ቆሙ። ሰብሳቢዋ ከጎኗ ካለው ሰው ጋር ተያየች።

"ሰላሳ ሰከንድ አለሽ" አለችኝ።

በሰላሳ ሰከንድ ጥንቷ ሮም አትደረስም። ወረቀቱን አጥፌ ያዝኩት።

"ከእማማ በር እስከ ምሳው አዳራሽ ስድስት መቶ አርባ እርምጃ ነው" አልኩ። "ቆጥሬዋለሁ። አግዳሚው ሦስት መቶ ሰባኛው ላይ ነበር። እዚያ ካላረፉ የቀረውን ብቻቸውን መሄድ አይችሉም። ካልተመለሰ በዚህ ወር መጨረሻ አርባ ዓመት የኖሩበትን ቤት ይለቃሉ። ውለታ አይደለም የምንጠይቀው። የነበረው ወደ ነበረበት ይመለስ ነው።"

ደወሉ ተደወለ። መጀመሪያ ያጨበጨቡት ባለ ከዘራው የውሻ ሰውዬ ናቸው።

ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጥቶ ጥያቄውን ደገፈው። ሰብሳቢዋ ግን የመጨረሻው ውሳኔ የእነሱ እንዳልሆነ ነገረችን። የማኅበሩ አባላት የፈረሙበት ማመልከቻ ከምክር ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ ጋር ለከተማው ቢሮ በአካል መግባት አለበት። የዚህ ወር የሥራ ዝርዝር ነገ ጠዋት ይዘጋል። ካለፈ ሦስት ወር መጠበቅ ነው። አባላቱ ሐሙስ ዕለት የፈረሙበት ማመልከቻ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የድጋፍ ደብዳቤውን ሰብሳቢዋ እዚያው ፈርማ ሰጠችኝ።

ጋሼ ውጪ መኪናቸው ጋ እየጠበቁኝ ነበር።

"ሶ፣ ነገም ለሰው ሁሉ ታይምሽን ጊቭ ልታደርጊ ነው?"

"አይ ጋሼ።"

"ኦኬ። እኔንም ቢሆን፣ ነገ ብመጣ እንዳታሳልፊኝ።"

እማማንና ሰዓት ሠሪውን በመኪናዬ ወደየቤታቸው ወሰድኳቸው።

"ደቂቃችንን ለውሻ ሰጠሽ" አሉ እማማ።

"ይቅርታ እማማ።"

"ለሚጮኸው ማሽንም ሰጠሽ።"

"ይቅርታ።"

"ንግግርሽ ግን ጥሩ ነበር። ሁለቱን ገጽ ብታነቢው እኔም እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።"

"ሰምቻለሁ" አሉ ከኋላ መቀመጫ ሰዓት ሠሪው።

ቤት ሳንደርስ የእማማ ስልክ ጮኸ። ልጃቸው ነው፤ ስብሰባውን በኮምፒውተር ሲከታተል ነበር። እማማ ድምፁን ከፍ አድርገው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"ስድስት መቶ አርባ እርምጃ?" አለ።

"ስድስት መቶ አርባ። ስመለስም ስድስት መቶ አርባ።"

"ማመልከቻው በዚህ ወር ዝርዝር ውስጥ ከገባ" አለ፣ "እስኪሠራ እጠብቃለሁ። ካልገባ ግን እመጣለሁ።"

"ዳክዬዎቹን ሰላም በላቸው" አሉና ዘጉት። ከዚያ እጄን መሪው ላይ እንዳለ መታ መታ አደረጉት።

በማግስቱ ጠዋት ከቫን ናይስ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ፍሪዌዩ በመኪና ከመሙላቱ በፊት ወጥቼ ቢሮው ከመከፈቱ አንድ ሰዓት በፊት ደረስኩ። በሩ ፊት ማንም አልነበረም። ማመልከቻውንና ደብዳቤውን በፕላስቲክ ከረጢት ደረቴ ላይ ይዤ ቆምኩ። ሊከፈት ጥቂት ሲቀር ከኋላዬ ከባድ ትንፋሽ ሰማሁ። ፎልደር በብብታቸው የያዙ አዛውንት ደረጃውን ወጥተው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ከሳቸው ኋላም ሌሎች መጥተው ተሰልፈዋል። እግሬ ወደ ጎን መሄድ ሲጀምር ታወቀኝ።

በሩ አጠገብ የጥበቃው ወንበር ባዶውን ነበር። ጥበቃውን ጠየቅኩት፤ ውሰጂው አለኝ። አንስቼ አመጣሁና አዛውንቱ ከቆሙበት አጠገብ አስቀመጥኩላቸው።

"ይቀመጡ" አልኳቸው። "ተራዎ ከእኔ ቀጥሎ ነው። እጠብቅልዎታለሁ።"

አመስግነው ተቀመጡ። በሩ ሲከፈት ቀድሜ ገባሁና ወረቀቱን ለዚህ ወር ዝርዝር በጊዜው አስረከብኩ።